የልጄ ሚኒባስ ወደ ግራ እየሳበ አስቸገረን

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ሲሆን፣ የ8 ዓመት ልጄ በካብ ስካውቶች (የሕፃናት ስካውት ማኅበር) የፓይንውድ ደርቢ ውድድር፣ ማለትም ልጆች ከእንጨት የሠሯቸውን ትንንሽ መኪናዎች በተዳፋት መንገድ ላይ እየለቀቁ በሚያወዳድሩበት ውድድር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሳተፋል። ከተሰጠን ባለ 7 ኢንች የጥድ ቁራጭ፣ እንደ አክስል ጎማዎቹን የሚይዙ አራት ምስማሮችና አራት የፕላስቲክ ጎማ፣ አያቱ አዲስ አበባ ውስጥ ይነዱት የነበረውን ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲ ካልሠራሁ ብሏል።

መስኮቶቹን ከቁርስ ካርቶን ቆረጥን፤ የጣሪያውን ዕቃ መጫኛ ከክብሪት እንጨት ሠራን፤ ልጄም በሩ ላይ በገዛ እጁ «ቦሌ» ብሎ ጻፈበት። እጅግ አምሮበታል። ነገር ግን በተዳፋት ጣውላ ላይ ስንለቀው፣ አንድ ሜትር ያህል እንደሄደ ወደ ግራ ይስብና የፊት ጎማው በጣውላው መሐል ያለውን ከፍ ያለ ከፋይ እየታከከ ፍጥነቱ ይሞታል። ምስማሮቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ግራፋይት (ሰበቃ የሚቀንስ ደረቅ ዱቄት) ብነሰንስባቸውም ለውጥ አላየሁም።

ሁለተኛው ጭንቀቴ ክብደቱ ነው። የሚፈቀደው 5 አውንስ፣ ማለትም 142 ግራም ገደማ ሲሆን፣ የእኛው በወጥ ቤት ሚዛን 131 ግራም ነው። እያንዳንዳቸው 2.5 ግራም የሚመዝኑ አራት ፔኒዎች (የአሜሪካ የአንድ ሳንቲም ገንዘብ) ለመጨመር አስቤያለሁ፤ ክብደት ወደ ኋላ ሲሆን መኪናው እንደሚፈጥን ባውቅም፣ የፊት ጎማዎቹ ቀለው እንዳይንቀጠቀጥ እሰጋለሁ።

ሳንቲሞቹን ከኋላ አክስል ምን ያህል ላርቃቸው? መሳቡንስ የፊቱን ምስማር በጥቂቱ በማጣመም ማስተካከል ይቻላል ወይስ ነቅዬ እንደ አዲስ ልትከለው? ውድድሩ ቅዳሜ ስለሆነ፣ የሠራችሁ ወላጆች ፈጥናችሁ ብትመልሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።