ከዓባይ ማዶ ተዳፋት ላይ ያለ ይዞታ ለመኖሪያ ቤት መግዛት ያዋጣል?

ጠያቂ፦ ማዶኛው

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በባሕር ዳር ከዓባይ ማዶ፣ ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ በኩል ካለ አንድ ኮረብታ ጎን ላይ 300 ካሬ ሜትር ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ይዞታ ከአሮጌ የጭቃ ቤት ጋር ለሽያጭ ቀርቦልኛል። ፊቱ 15 ሜትር፣ ወደ ውስጥ ደግሞ 20 ሜትር ነው፤ መንገዱ በታችኛው ወገን ያልፋል። ውኃ በተሞላ የላስቲክ ቱቦ እንደለካነው ከሆነ የላይኛው አጥር ሥር ከመንገዱ 3 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የተጠየቀበት ዋጋ በሜዳው ሰፈር ለተመሳሳይ ስፋት ከሚጠየቀው በእጅጉ ያነሰ ነው። ደላላው «ሎደር ገብቶ በአንድ ቀን ሜዳ ያደርገዋል» እያለ ያግባባኛል፤ ባለቤቴ ግን የረከሰበት ምክንያት ሳይታወቅ ቀብድ አይከፈልም ብላለች።

ያሰብነው ባለ ሦስት መኝታ ቤት ነው፤ አቅም ሲገኝ ፎቅ ሊጨመርበት የሚችል መሠረት እንዲኖረውም እንፈልጋለን። እናቴ አብረውን ይኖራሉ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ ይከብዳቸዋል። ሌላው አማራጫችን በሜዳው በኩል ያለ፣ ዋጋው ከፍ ያለ፣ አፈሩ ጥቁር ዋልካ የሆነ ቦታ ነው። በተዳፋት ላይ የሠራችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ልኬት

የባለቤትዎ ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ ምላሹም በቁጥር ሊሰጥ የሚችል ነው። በ20 ሜትር ርቀት 3 ሜትር የሚወጣ መሬት ተዳፋትነቱ 15 ከመቶ ነው። ይህ ቤት የማይሠራበት መሬት አይደለም፤ ነገር ግን ቤቱ እንደ ሜዳ ቤት ታስቦ ከተነደፈ በመሬቱ ግዢ ያተረፉትን ገንዘብ ለአፈርና ለድንጋይ መልሰው ይከፍሉታል።

ደላላው እንደሚለው ግቢው በሙሉ ከመንገዱ እኩል እስኪሆን ቢቆረጥ የሚወጣው አፈር 450 ሜትር ኩብ ነው። አፈር ሲቆፈር ስለሚላላ መጠኑ በሩብ ያህል ቢጨምር፣ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 35 ያህል ምልልስ ይሆናል። የተቆረጠው አፈር ሲወጣ በስተኋላ 3 ሜትር ቁመት ያለው ገደል ይቀራል፤ የላይኛው ጎረቤት ግቢ እንዳይናድ ደግሞ ደጋፊ ግንብ የግድ ነው። በድንጋይ ብቻ የሚሠራ ደጋፊ ግንብ እግሩ ላይ የቁመቱን ግማሽ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ውፍረት ስለሚፈልግ፣ የእርስዎ ግንብ ከሥሩ ቢያንስ 1.5 ሜትር ይወፍራል። ወደ ላይ እየጠበበ ጫፉ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እንኳ ለኋለኛው 15 ሜትር ብቻ 45 ሜትር ኩብ የድንጋይ ግንብ ይጠይቃል፤ ይህም መሠረቱና በሁለቱ ጎኖች የሚወርዱት ግንቦች ሳይቆጠሩ ነው። ሎደሩ በእርግጥ ሥራውን በአጭር ጊዜ ይጨርስ ይሆናል፤ ግንበኛው ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። አፈር ግንብን የሚገፋበት ኃይል ከግንቡ ቁመት ጋር እኩል አያድግም፤ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ግንቡን ሊገለብጥ የሚሞክረው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው ሲታይ፣ ግቢው በሁለት እርከን ተከፍሎ በአንዱ 3 ሜትር ፈንታ ሁለት የ1.5 ሜትር ግንቦች ቢሠሩ፣ በበቂ ርቀት እስከተለያዩ ድረስ እያንዳንዳቸው የሚሸከሙት ግፊት የትልቁን ሩብ ብቻ ነው። ስለዚህ ምክሬ ቤቱ ራሱ እርከኑን እንዲከተል ነው፦ የፊተኛው ክፍል ከመንገዱ ብዙ ሳይርቅ፣ የኋለኛው ክፍል 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ፣ በመካከላቸው ዘጠኝ መርገጫ ያለው ደረጃ ይኖራል።

የኮለኖቹ እግሮች በሙሉ ባልተነካ መሬት ላይ ማረፍ አለባቸው። ግማሹ ቤት በተቆረጠ ጠንካራ መሬት ላይ፣ ግማሹ ደግሞ በሙሌት ላይ ካረፈ አንዱ ወገን ከሌላው በላይ ይሰምጥና ግድግዳው በሰያፍ ይሰነጠቃል። ሙሌት የሚደረግበት ቦታ ቢኖር በ20 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ እየተጠቀጠቀ ይሞላ፤ ከሲኖትራክ ተገልብጦ የተስተካከለ አፈር ወለልም አይሸከም።

የሜዳውም ቦታ ከወጪ ነፃ እንዳይመስልዎ። ዋልካ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ስለዚህ ወይ ተቆፍሮ ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካል፣ ወይ መሠረቱ ከሚያብጠው አፈር በታች ይወርዳል። ወደ ሐይቁ በቀረበው ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ከሆነ ደግሞ በክረምት የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ስለሚል ሴፕቲክ ታንክ ቶሎ ይሞላል። እንግዲህ ሊነጻጸር የሚገባው የመሬቱ ዋጋ ለብቻው ሳይሆን ከመሬቱ ዋጋ ጋር ቤቱ ከመሬት በላይ ብቅ እስኪል ድረስ የሚወጣው ወጪ ተደምሮ ነው። ለሁለቱም ቦታዎች ይህን ድምር አስልተው ከሻጩ ጋር ይነጋገሩ።

መልስ፦ ቱምቢ

እኔ ግንበኛ ነኝ። «ልኬት» ስለ አፈርና ስለ ድንጋይ በጻፉት እስማማለሁ፤ በዘጠኙ መርገጫ ግን አልስማማም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ባሉበት ቤት ውስጥ ወለልን ለሁለት መክፈል እርሳቸውን ከግማሹ ቤት ማስወጣት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ መታየት ያለበት ውኃው ነው። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን ሐምሌና ነሐሴ ይከፋሉ። ከይዞታው በላይ 2,000 ካሬ ሜትር የኮረብታ ጎን ወደ እርስዎ የሚያፈስ ቢሆንና በአንድ ቀን 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ግማሹ ወደ መሬት ሰርጎ ቢቀር እንኳ 50,000 ሊትር ጎርፍ ወደ ግቢዎ ይመጣል። ስለዚህ ከቤቱም ከግንቡም በፊት በላይኛው አጥር ውስጥ ጎርፉን ወደ ጎን ቀልብሶ ወደ ሕጋዊ መውረጃ የሚያደርስ ቦይ ይሠራል። ገበሬው በማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው ለዚሁ ነው፤ የከተማ ሰው ግን አጥር ካጠረ ውኃው የሚቆም ይመስለዋል። ቦዩ የታችኛው ጎረቤት ግቢ ላይ የሚያፈስ ከሆነ ግን ችግሩን ወደ ሌላ ሰው ማሻገር ይሆናል፤ ቂሙም ከጎርፉ ይብሳል።

ሲወድቁ ያየኋቸው ደጋፊ ግንቦች አብዛኞቹ የወደቁት በነሐሴ ነው፤ ምክንያቱም ከጀርባቸው የታቆረው ውኃ መውጫ ማጣቱ እንጂ የድንጋዩ ድክመት አልነበረም። ከአፈሩ ግፊት ላይ የውኃው ሲጨመር ግንቡ የሚሸከመው ጭነት ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። በሠራሁበት አንድ ግቢ የቤቱ ባለቤት ከግንቡ የሚወጡት ቱቦዎች ግቢ ያቆሽሻሉ ብሎ በሲሚንቶ አስደፈናቸው፤ በሚቀጥለው ክረምት ግንቡ ሆዱን ነፋ፣ መፍረስም ግድ ሆነ። ከግንቡ ጀርባ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጹሕ ጠጠር ይሞላ፤ በየሁለት ሜትሩ ወደ ውጭ ያዘነበለ የፕላስቲክ ቱቦ ይቀመጥ፤ የተቆፈረውን አፈር መልሶ ከግንቡ ጋር ማጣበቅ አይገባም።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ኮረብታውን በእግርዎ ይዙሩት። የዛፎች ግንድ ከሥሩ ጎብጦ፣ የአጥር እንጨት ሁሉ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ካዩ አፈሩ ቀስ እያለ እየወረደ ነው። በበጋ ቄጤማ የበቀለበት ጥግ ካለ ከሥሩ ምንጭ አለ ማለት ነው። በዚያ የቆዩ ሰዎችን በሐምሌ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ ይጠይቁ፤ ይህን ሻጩም ደላላውም አይነግሩዎትም። ከዚያ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ሁለት ሁለት ሜትር የሚጠልቁ ጉድጓዶች ያስቆፍሩ። ቀይ አፈርና ከሥሩ አለት ከተገኘ ለመሠረት መልካም ነው፤ ለሴፕቲክ ጉድጓድ ግን አለት መፈልፈል ሌላ ወጪ ያመጣል። በተዳፋት ላይ ዋልካ ከተገኘ ግን እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

መልስ፦ ካርታና ውል

የሰነድ ጉዳዮችን ስከታተል ስለቆየሁ በዚያ ወገን ብቻ እናገራለሁ። በ1987 በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ እርስዎ የሚገዙት ያንን አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። ስለዚህ ቤቱ በሰነዱ ላይ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ ሥሪት፣ ማለትም ለመንግሥት እየከፈለ ለተወሰነ ዘመን፣ እንዲይዘው ስለደነገገ፣ ከሻጩ ዋጋ በተጨማሪ በእርስዎ ላይ የሚመጣውን ክፍያ ከመሬት አስተዳደር ጠይቀው ከድምሩ ውስጥ ያስገቡ። ዕዳና እገዳ አለመኖሩንም በጽሑፍ ያረጋግጡ። ከገበሬ በመንደር ውል የተላለፈ የእርሻ መሬት ሆኖ ከተገኘ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።

ተዳፋት ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛ፣ በካርታ ላይ የሚሰፍረው ልኬት አግድም የተለካ ነው፤ ሜትሩን በመሬቱ ላይ አስተኝተው ቢለኩ የእርስዎ 20 ሜትር 20 ሜትር ከ22 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም አጥር ሲቆም ከጎረቤት ያጣላል። ሁለተኛ፣ በከተማው ፕላን ላይ ያ ጎን ለአረንጓዴ ቦታ ወይም ለጎርፍ መውረጃ የተያዘ እንዳይሆን አስቀድመው ያጣሩ። የደጋፊ ግንቡም ዲዛይን ለግንባታ ፈቃድ ከሚቀርበው ፕላን ጋር አብሮ ይቅረብ።

ጠያቂ፦ ማዶኛው

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ዛሬ ሻጩን ስለ ጉድጓዶቹ ጠይቄያቸው አንዱን ከታች በኩል ለማስቆፈር ፈቅደዋል፤ ከላይ ያለውን ግን ግቢ ይበላሻል ብለው አመነቱ። «ቱምቢ» ስለ እናቴ ያነሱት ለእኛም ትልቅ ነገር ነው። መንገዱ በታች ስለሆነ የእርሳቸውን ክፍል በታችኛው እርከን ማድረግ አይቻልም ወይ?

መልስ፦ ልኬት

ይቻላል፤ የ«ቱምቢ»ም ተቃውሞ ተገቢ ነው። በታችኛው እርከን ሳሎኑ፣ ወጥ ቤቱ፣ የእናትዎ መኝታና አንድ መታጠቢያ ቤት ይሁኑ፤ በላይኛው ሁለቱ የቀሩት መኝታ ቤቶች ይቀመጡ። እንዲህ ከሆነ እናትዎ ለዕለት ኑሯቸው ደረጃውን አይፈልጉትም። ከመንገድ ወደ በሩ የሚያስገባው መወጣጫ ለያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይኑረው፤ ወለሉ ከመንገዱ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል 5.4 ሜትር ይበቃል። በዚህ አሠራር ቆሻሻ ውኃውም በራሱ ቁልቁል ስለሚወርድ ሴፕቲክ ታንኩ በፊት ለፊት፣ የመምጠጫ መኪናው በሚደርስበት ይሆናል። የመጠጥ ውኃ ግን በተቃራኒው ነው፤ በየ10 ሜትሩ ከፍታ አንድ ባር ግፊት ይጠፋል፣ ስለዚህ የላይኞቹ ጎረቤቶች ቧንቧ በስንት ቀን እንደሚመጣላቸው ይጠይቁና ለሮቶና ለፓምፕ የሚሆነውንም ይደምሩ።

ስለ ጉድጓዱ ግን አልደራደርም። ግንቡ የሚቆመውም፣ ከኮረብታው ተንሸራቶ የሚመጣው አፈር ካለ የሚገኘውም ከላይ ነው፤ የታችኛው ጉድጓድ ብቻውን ስለዚያ ምንም አይነግረንም። ጉድጓዱ ተመልሶ እንደሚሞላና የተበላሸ ነገር ቢኖር እንደሚከፍሉ በጽሑፍ ይስጧቸው። ያም ሆኖ እምቢ ካሉ ቀብዱን አይክፈሉ።