ሰባት ሰው በአንድ ሊትር ሞተር፣ ልግዛ ወይስ ልተው?

ሰላም ናችሁ? መኪና የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ፣ ግራ ገብቶኛል። የምኖረው ሽቱትጋርት ነው። አራት ልጆች አሉን፣ እናቴም ከኛ ጋር ናት፤ ስንደመር ልክ ሰባት። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ እንኳ ሁለት ዙር መመላለስ ሰልችቶኛል።

በኪሴ ልክ ያገኘሁት ዳቺያ ጆገር የሚባል ባለ ሰባት ወንበር መኪና ነው። የፈረንጆቹ 2022 ሞዴል፣ ማንዋል፣ ቤንዚን፣ ሞተሩ 1 ሊትር ባለ 3 ሲሊንደር ቱርቦ፣ 110 የፈረስ ጉልበት። ነድቼ ሞከርኩት፤ እውነት ለመናገር አልጠበቅኩትም፣ ቱርቦው ሲነሳ ጥሩ ይሄዳል። ግን የነዳሁት እኮ ባዶውን ነው! ሰባታችን ተጭነን ከመሀል ከተማ ወደ ደገርሎክ ዳገቱን ስንወጣስ? የሚስቴ ወንድም "ይቺ የሞተር ሳይክል ሞተር ናት፣ ሁለት ዓመት አትቆይም" ብሎ አስፈራራኝ (እሱ ደግሞ ከአሮጌ ናፍጣ ውጪ መኪና ያለ አይመስለውም)።

ሌላው ያስጨነቀኝ ቦታው ነው። ሰባቱም ወንበር ሲዘረጋ ከኋላ ለዕቃ የሚተርፈው 160 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ የልጅ ጋሪ እንኳ የሚገባ አልመሰለኝም። በ2021 በዩሮ ኤንካፕ የደህንነት ፈተና ከአምስት አንድ ኮከብ ብቻ ማግኘቱንም አየሁ፣ ባለቤቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ፊቷ ተቀይሯል።

መኪናው ያላችሁ ንገሩኝ። ሙሉ ሰው ጭናችሁ አውቶባን (ፈጣን መንገድ) ላይ ስትቀድሙ ይደክማል? ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትልቅ ሰው ረጅም መንገድ ይችላል? ዘይቱንስ በየስንት ኪሎ ሜትር ትቀይራላችሁ? ሻጩ የሰጠኝ እስከ ቅዳሜ ነው።