የቸንግደ ነገሥታት፦ መቻቻል ወይስ ቁጥጥር?

አወያይ፦ የዛሬው ርዕሳችን ማንቹዎች ናቸው፤ ከሰሜን ምሥራቅ የመጡ፣ ከቻይናውያን የተለየ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝብ። ከ1644 እስከ 1912 ቻይናን የገዛው የቺንግ ሥርወ መንግሥት የእነሱ ነበር (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከሚገዙት ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ ቁጥራቸው እጅግ ትንሽ ነው። ካንግሺ የተባለው ንጉሥ በ1703 ከታላቁ ግንብ ማዶ፣ ቸንግደ ላይ፣ የሙቀት ወራት መናገሻ መሥራት ጀመረ። የልጅ ልጁ ችየንሎንግ በ1792 አስጨረሰው። ሁለቱም ብዙ ዓመት ሙቀቱ ሲመጣ ከቤጂንግ ወጥተው፣ ለወራት ከዚያ ሆነው ይገዙ ነበር። ዛሬ ቦታው የብሔረሰቦች አንድነት ምልክት ተደርጎ ይወደሳል። ሺ ጂንፒንግም በ2021 ጎብኝተውታል። እውነት የመቻቻል ቦታ ነበር? ሐሳባችሁን አምጡ፤ ስድብ ግን አይፈቀድም።

ጉዞ ወዳጅ፦ ለእኔ መልሱ በሩ ላይ ተጽፏል። የቤተ መንግሥቱ ዋና በር ስም በአምስት ጽሕፈት ነው የተቀረጸው፤ በማንቹ፣ በሞንጎልኛ፣ በቻይንኛ፣ በቲቤትኛና በኡይጉርኛ። ችየንሎንግ ራሱ ቁጭ ብሎ ሞንጎልኛ ተምሯል፤ ኡይጉርኛና ቲቤትኛም አጥንቷል። ከቲቤት ታላላቅ ላማዎች (የቡድሂስት መምህራን) አንዱ የሆኑት ፓንቸን ላማ በ1780 ሊጎበኙት ሲመጡ፣ አገራቸው ያለውን ገዳም የሚመስል ሌላ ገዳም ሠርቶ ነው የጠበቃቸው። ሰውን በቋንቋውና በሃይማኖቱ መቀበል መቻቻል ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ባለ ካርታው፦ እህቴ፣ በሩ ላይ ቆመሽ ቀረሽ። ከቅጥሩ ውጭ ወዳሉት ገዳማት እንሂድ። ፑኒንግ የሚባለው ገዳም በ1755 የተጀመረው በዙንጋሮች ላይ የተገኘውን ድል ለማክበር ነው። ዙንጋሮች ምዕራብ ሞንጎሎች ናቸው፤ እንደ ቲቤቶቹ ቡድሂስቶች። የድሉ ታሪክ በግቢው ድንጋይ ላይ በማንቹ፣ በቻይንኛ፣ በሞንጎልኛና በቲቤትኛ ተቀርጿል። ወዲያው ዙንጋሮች ሲያምጹ ችየንሎንግ እንዲደመሰሱ አዘዘ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቻይናዊው ጸሐፊ ዌይ ዩዋን እንደገመተው፣ ከአሥር አራቱ በፈንጣጣ ሞቱ፣ ሦስቱን ሠራዊቱ ፈጀ፣ ሁለቱ ሸሹ። ድንጋዩ ላይ የተጻፈው የራሳቸው ቋንቋ አላዳናቸውም።

ደግሞ ቲቤት፣ ላሳ ከተማ ያለውን የዳላይ ላማ ቤተ መንግሥት ፖታላን እንዲመስል ተሠርቶ በ1771 ወደተጠናቀቀው ገዳም ነይ ብዬ ልውሰድሽ። እዚያ ያለው ድንጋይ የሚተርከው ስለ ቶርጉቶች ነው። እነሱም ምዕራብ ሞንጎሎች፣ የዙንጋሮች ዘመድ ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ሩሲያ ውስጥ ቮልጋ ዳር ኖረው፣ የዛሩ መንግሥት ጫና ሲበረታባቸው በ1771 ኡባሺ በሚባል መሪያቸው ተመርተው ወደ ምሥራቅ ተነሡ። በረሃብ፣ በበሽታና በጥቃት እጅግ ብዙ ሰው መንገድ ላይ አለቀ። ችየንሎንግ ኡባሺን ቸንግደ ላይ ደግሶ ተቀበለው፤ ማዕረግ ሰጠው። ለሕዝቡም ከብትና እህል አደለ፤ መስፈሪያ መሬት ሰጠ። አብዛኛው መሬት የማን ነበር? የዙንጋሮች! ሁለቱን ድንጋዮች አብሮ ያላየ ሰው ቸንግደን አይቻለሁ ባይል ይሻለዋል።

ሰሜን ኮከብ፦ ጋሼ፣ ጭካኔውን የሚክድ የለም። ግን በጦር ብቻ ያን ያህል ዘመን መግዛት አይቻልም። የፈንጣጣውን ነገር ተመልከቱ። ፈንጣጣ ያልወጣበት የሞንጎል መስፍን ቤጂንግ ገባ ማለት ሞቱን ፈለገ ማለት ነው። ስለዚህ ፈንጣጣ ያለፈባቸው በተራ በተራ ቤጂንግ ይመጣሉ። ያላለፈባቸው ደግሞ ንጉሡን ከግንቡ ማዶ፣ ቸንግደ ላይና ከሱ ወደ ሰሜን ባለው የሙላን አደን ሜዳ ያገኙታል። ሙላንን ካንግሺ ያቋቋመው በ1681 ነው፤ ከመናገሻው በፊት። ንጉሥ እንግዶቹ እንዳይታመሙ ብሎ ከዙፋኑ ተነሥቶ ሲሄድላቸው ቀላል ነገር አይደለም። ፓንቸን ላማው እንኳ ከቸንግደ ቤጂንግ በሄዱበት ነው በፈንጣጣ ያረፉት።

ባለ ካርታው፦ ወንድሜ፣ የፈንጣጣውን አልከራከርህም። ግን መምጣቱ ግዴታ ነበር እኮ! ተራ ወጥቶላቸው ነው የሚመጡት። አደኑም የጦር ልምምድ ነው፤ ማን ስንት ፈረሰኛ እንዳለው ንጉሡ በዓይኑ ያያል። ሊፋን ዩዋን የሚባል መሥሪያ ቤት ደግሞ የእያንዳንዱን መስፍን ማዕረግ፣ ውርስና ወሰን ይቆጣጠራል። አንዱ ወገን ከብቱን ወደ ሌላው ግጦሽ ካሻገረ ይቀጣል። ከብቱን ተከትሎ ለሚኖር ሕዝብ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አርብቶ አደር የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። ያከበሩትን ሃይማኖት ቢሆን መች ለቀቁት? በ1793 ታላላቅ ላማዎች ዳግም ሲወለዱ ማንነታቸው ከወርቅ ማሰሮ በሚወጣ ዕጣ እንዲለይ አዘዙ። ማሰሮውን የላከው ችየንሎንግ ነው።

ጉዞ ወዳጅ፦ እሺ፣ ቁጥጥር ነበር እንበል። ታዲያ ሲቀር ምን ሆነ? የችየንሎንግ ልጅና ወራሽ ንጉሥ ጂያቺንግ በ1820 እዚያው ቸንግደ ሞተ፤ ከሱ ወዲህ ትልቁ አደን ቀረ። በኋላ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ፣ መንግሥቱ ራሱ የሞንጎሎችን ግጦሽ ለቻይናውያን ገበሬዎች ከፈተ። በ1911 ሰሜኖቹ ሞንጎሎች ነጻነታቸውን አወጁ። ድሮ ከንጉሡ ጋር የሚበሉበት ማዕድ፣ የሚሰሙበት ቦታ ነበራቸው። ያ ከንቱ ድራማ ቢሆን ኖሮ መቅረቱ ባልጎዳ ነበር።

ባለ ካርታው፦ እዚህ ላይ እኔና አንቺ ተቀራርበናል። ግን የሚቀጥለውን እርምጃ ተራመጂ። ሞንጎሎቹ ማዕድ የቆረሱት ከማንቹ ንጉሥ ጋር ነው፤ ቃል የገቡትም ለእሱ ነው። ዙፋኑ ሲወድቅ ቃሉም አብሮ ወደቀ ብለው ነው የሄዱት። ቲቤትም የተከራከረችው እንደዚሁ ነው፤ ግንኙነታችን ከንጉሡ ጋር እንጂ ከቻይና ጋር አልነበረም ብላ። ቸንግደን ዛሬ የቻይና ብሔረሰቦች አንድነት ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያ ይሄን ይመልስልኝ።