መኪና በቴሌግራም ወይስ ከመሸጫው?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ቴሌግራም ይሻላል ወይስ መኪና መሸጫ ሄዶ ማየት? ከነምክንያታችሁ ወዲህ በሉ።

ባለቪትዟ፦ ቴሌግራም! ቤቴ ቁጭ ብዬ የስንቱን መኪና ዋጋ አያለሁ። መሸጫ ስሄድ ስለ ካምቢዮዋ እጠይቃለሁ፣ ሰውየው ስለ ቀለሟ ያወራልኛል። “እህቴ፣ ለአንቺ የተሠራች ናት” ይለኛል ደግሞ።

የገርጂው፦ የቱን ዋጋ ነው ያየሽው? ግማሹ “ዋጋ በውስጥ” ነው። ስትደውዪ “አሁን ተሸጠች፣ ግን ሌላ አለችኝ”። ዞረሽ ዞረሽ ያው ደላላ እጅ ነው የምትወድቂው።

ጋራዥ የሚውለው፦ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። ቢዋይዲው፣ አይዲ 4ቱ፣ ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ ስክሪናቸው ሳይቀር ቻይንኛ ነው። የቤንዚኗን መኪና ጭሷን አይቼ፣ ድምጿን ሰምቼ እፈርዳለሁ። ያገለገለች ኤሌክትሪክ ግን ዋናው ነገሯ ባትሪው ነው። የባትሪው ጤና በማሽን ካልተነበበ፣ መሸጫ ሄጄ አየኋት ያለም አላያትም።

ከሜሪላንድ፦ እዚህ አሜሪካ፣ ያገለገለ መኪና በኢንተርኔት የሚሸጠው ካርቫና መኪናውን ደጅህ ድረስ ያመጣልሃል፤ ካልወደድከው በ7 ቀን ውስጥ ትመልሳለህ። ዲለር (መኪና መሸጫ) ጋ ፈርመህ ከወጣህ ግን፣ እሱ ካልፈቀደ በቀር አብዛኛውን ጊዜ መመለስ የለም።

የገርጂው፦ 7 ቀን? የእኛ አድሚን ብሩ በገባ በ7 ደቂቃ ብሎክ ያደርግሃል።

ውል አዘጋጁ፦ ሊብሬውን ሁላችሁም ረሳችሁት። ሻጩ ፎቶውን ይልክላችኋል፤ ፎቶው ግን መኪናዋ በባንክ ብድር ተይዛ ወይም በፍርድ ቤት ታግዳ እንደሆነ አይናገርም። ፋይሏ ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ አጣሩ። የሻንሲ ቁጥሩን ከራሷ ከመኪናዋ ላይ አመሳክሩ። “ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ቀብድ ላክ” ቢሏችሁ እሱው ይውሰዳት በሉ።

ባለቪትዟ፦ ለዚህ አይደል እንዴ ለደላላ የምንከፍለው?

ውል አዘጋጁ፦ ደላላ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። እገዳ አግኝቶ ሽያጩን ቢያስቀር ምን ሊበላ?

የገርጂው፦ እሺ፣ መሸጫው ግን ቤቱ ይታወቃል። ነገ ሄጄ ከበሩ ላይ እይዘዋለሁ።

ጋራዥ የሚውለው፦ ትይዘዋለህ። ግን ስንቱ የሰው መኪና አቁሞ የሚያሻሽጥ መሰለህ? “ባለቤቱን አናግረው፣ እኔ አገናኝ ነኝ” ይልሃል። ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቀው።