ከክረምት በኋላ ገመዱ አልሳብ ያለ የጀልባ ሞተር

ጠያቂ፦ ባለ 5 ፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተሬን ሰኔ ላይ ባሕር ዳር ጓሮዬ ውስጥ አስተኝቼው ነበር። ዛሬ ወደ ዘጌ ልሄድበት ብል የማስነሻ ገመዱ ንቅንቅ አልል አለ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማርሽ ውስጥ እንዳይሆን። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሲሆኑ ገመዱን ይቆልፋሉ። እኔ በዚህ ግማሽ ቀን ለፍቼ የጎረቤት ልጅ ነው የሳቀብኝ።

ጠያቂ፦ ከማርሽ ውጭ ነው። ካንዴላውን (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ስፈታ ጫፉ ዝጓል።

ሌላ መልስ፦ እንግዲያው እርጥበት ገብቶ የፒስተኑ ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቀው ይሆናል። በጉልበት አትጎትት፤ ገመዱ ይበጠሳል። በካንዴላው ቀዳዳ ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅለህ ጨምርና አሳድረው። ነገ ቮላኖውን (ከሞተሩ አናት ላይ ያለውን ከባድ ተሽከርካሪ ክብ ብረት) በእጅህ ወዲያና ወዲህ በቀስታ አወዛውዘው። ከተላቀቀ፣ ካንዴላውን ሳትገጥም ገመዱን ሳብ፤ ዘይቱን ይተፋልና ፊትህን አርቅ።

ጠያቂ፦ በሁለተኛው ቀን ተላቀቀ! ፊቴን አርቄ ነበር፤ ሸሚዜን ረሳሁት።