ኢንተርኔት በሌለበት የኡቡንቱን የመመሪያ ገጾች ለመመለስ እርዳታ እሻለሁ

ጤና ይስጥልኝ። የሲ ፕሮግራም አጻጻፍ በማስተምርበት፣ ኢንተርኔት ባልገባለት ክፍል ያሉት ኮምፒውተሮች የተጫነባቸው አነስተኛው ኡቡንቱ (ብዙ ነገር የተቀነሰለት የሥርዓተ ክወናው እትም) በመሆኑ፣ የ«ኦፕን»ን መመሪያ ለማንበብ «ማን 2 ኦፕን» ብዬ ስጽፍ መመሪያዎቹ እንደተወገዱ ገልጾ የሚመልሳቸውን «አንሚኒማይዝ» የተባለ ትእዛዝ እንዳስኬድ ይነግረኛል፤ ይህ ትእዛዝ ግን የሶፍትዌር ጥቅሎቹን ከኢንተርኔት ማውረድ ስለሚፈልግ አልሠራልኝም። የመመሪያውን ክፍል 2 (የሥርዓት ጥሪዎች) እና ክፍል 3 (የሲ ተግባራት) ገጾች የያዘውን «ማንፔጅስ-ዴቭ» የተባለ ጥቅል በፍላሽ አምጥቼ በጥቅል መጫኛው በ«ዲፒኬጂ» ብጭነው፣ ያለ ምንም ስህተት ተጭኖ ሳለ የመመሪያዎቹ ማህደር ባዶውን ቀረ። ስፈልግ በ«ዲፒኬጂ» ማስተካከያዎች መካከል «ኤክስክሉድስ» የሚል ፋይል አገኘሁ፤ የመመሪያ ገጾች እንዳይጻፉ የሚያግደው እርሱ ይመስለኛል። ፋይሉን ባነሳውና ጥቅሉን ደግሜ ብጭነው በቂ ይሆናል ወይስ ቀድሞ የተጫኑትን ጥቅሎች ሁሉ በፍላሽ አምጥቼ እንደገና መጫን ይኖርብኛል? ተማሪዎቼ የእያንዳንዱን የሥርዓት ጥሪ የስህተት ምልክቶች ከመመሪያው ራሳቸው አንብበው እንዲረዱ አጥብቄ ስለምፈልግ፣ ይህን ሠርቶ ያየ ሰው ቅደም ተከተሉን ቢያስረዳኝ ከልብ አመሰግናለሁ።