ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጀመረው ፖላንድ ላይ ነው ወይስ ኢትዮጵያ?

ጠያቂዋ፦ ልጄን ታሪክ ሳስጠናው «ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 ጀርመን ፖላንድን ስትወር ተጀመረ» የሚል አገኘሁ። ልቤ አልተቀበለውም። ሙሶሊኒ እኛን የወረረን ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ነው። (እንዳንምታታ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጻፍ።) የፋሺዝም ጦርነት ሲቆጠር ከእኛ መጀመር የለበትም ወይ?

የጅማው፦ መጀመርማ አለበት! ወልወልን አስቡ። ዲሴምበር 1934፣ ኦጋዴን ውስጥ፣ የውሃ ጉድጓድ ያለበት ቦታ። ኢጣሊያ ራሷ ከተስማማችበት ወሰን አልፎ የኢትዮጵያ መሬት ነው። ሰዎቻችንን ገድለው ሲያበቁ እናንተ ካሳ ክፈሉ፣ ይቅርታም ጠይቁ አሉን። ሂትለርም ፖላንድ ላይ እንዲሁ ሰበብ ፈጥሮ ነው የገባው።

የታሪክ ተማሪው፦ እህቴ፣ ቁጭትሽ የእኔም ነው። ግን የዓለም ጦርነት የሚባለው ኃያላኑ እርስ በርስ ሲገጥሙ ነው። በ1935 እንግሊዝም ፈረንሳይም አንድ ጥይት አልተኮሱም። መጀመሪያ የተወረረ ይቆጠር ካልን ደግሞ ቻይናዎች ይቀድሙናል፤ ጃፓን ማንቹሪያን የወረረችው በ1931 ነው። ኢጣሊያ አድዋ ላይ ስትመጣም ፋሺስት የሚባል አልነበረም። የ1935ቱን እንደ ሌላ የቅኝ ግዛት ጦርነት የሚያዩት ብዙ ናቸው።

መምህሩ፦ ልጄ፣ «አንድ ጥይት አልተኮሱም» ያልከው ላይ ነው ነገሩ ያለው። ትንሽ ላስረዝም፣ ታገሱኝ።

በጁላይ 1934 ናዚዎች የኦስትሪያውን ቻንስለር ዶልፉስን ገደሉ። ያኔ ወደ ብሬነር፣ ኢጣሊያና ኦስትሪያ ወደሚዋሰኑበት የተራራ መተላለፊያ፣ ወታደር ልኮ ሂትለርን ያስደነገጠው ማን ነው? ሙሶሊኒ! በኤፕሪል 1935 ደግሞ ስትሬሳ በምትባል የኢጣሊያ ከተማ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ተቀምጦ ጀርመንን በጋራ እንግታ አለ። ሁለቱ መንግሥታት ይህን ሰው ላለማስቀየም ሲሉ እኛን አሳልፈው ሰጡን። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ግን ውስጡ የለም። በእንግሊዝና በፈረንሳይ እጅ የነበረው የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። የኢጣሊያ መርከቦች ወታደርና የመርዝ ጋዝ ጭነው፣ እንደማንኛውም የንግድ መርከብ የመተላለፊያ ከፍለው አለፉ። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል። በዲሴምበር የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ አቻው ላቫል አገራችንን ቆርሰው ለሙሶሊኒ ሊሰጡ ሲዶልቱ ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣባቸው።

ከዚያስ? እነሱ በእኛ ጉዳይ ሲነታረኩ ሂትለር ማርች 7 ቀን 1936 ጦሩን በስምምነት ወታደር እንዳይገባበት ወደተከለከለው የጀርመን ግዛት፣ ወደ ራይንላንድ፣ አስገባ። ማንም አልነካውም። ዓመቱ ሳያልቅ ሙሶሊኒ ከሂትለር ጋር ወዳጅ ሆነ። በማርች 1938 ጀርመን ኦስትሪያን ስትውጥ ያ ብሬነር ላይ ጦር የላከው ሰውዬ ዝም አለ።

ከሮም፦ እዚህ ሰው ሳናግር ጦርነቱ በ1940 ጀመረ ይሉኛል፤ ኢጣሊያ ከሂትለር ጋር ተሰልፋ የገባችበትን ዓመት ማለታቸው ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ ቆጠራ ውጪ ናት። ጋዝ መጠቀማቸውን እንኳ በመከላከያ ሚኒስትራቸው አፍ ያመኑት በ1996 ነው። በ2012 ደግሞ አፊሌ የምትባል ትንሽ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ አቆመች። የየካቲት 12ቱ ግራዚያኒ! ለዚህ ነው የቀኑ ነገር እኔን የሚያሳስበኝ።

የታሪክ ተማሪው፦ መምህር፣ የነገሩን አያያዝ እቀበላለሁ። ግን ሂትለርን ኢትዮጵያ አልፈጠረችውም። በጃንዋሪ 1933 ሥልጣን ሲይዝ ከኋላው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን ላይ የተጫነው የቬርሳይ ውል ቂም አለ፣ 6 ሚሊዮን ሥራ አጥ አለ። ሙሶሊኒንም በ1922 ጠርቶ የሾመው የኢጣሊያው ንጉሥ ነው። ሁለቱንም «በእጃችን ይሆናሉ» ያሉ የድሮ ባለሥልጣናት ናቸው በር የከፈቱላቸው። ደግሞ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ሂትለር በ1935 በድብቅ መሣሪያ የላከው ለእኛ ነበር፤ ሙሶሊኒ እዚህ ተጠምዶ እንዲቀርለት። ያኔ አንድ ወገን ካልነበሩ እንዴት አንድ ጦርነት ይሆናል?

የጅማው፦ ይሄንን አላውቅም ነበር። ግን መልሱ እዚያው አይደለም እንዴ? በ1935 ሁለት ወገን ነበሩ፣ በ1936 አንድ ሆኑ። በመሐል የተፈጠረው ምንድነው?

መምህሩ፦ ጎበዝ። እኔም ከዚህ የተሻለ አልመልሰውም። በዚያው 1936፣ ጁን 30 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲናገሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች እያፏጩ ረበሿቸው። በቀጣዩ ወር፣ በጁላይ፣ ማዕቀቡ ተነሣ።

ጠያቂዋ፦ ታዲያ ልጄ ፈተና ላይ ምን ይጻፍ?

የታሪክ ተማሪው፦ 1939 ብሎ ይጻፍ፤ እኔ ቀኑን አልቀይርም። የስዌዙን ጉዳይ ግን አንቺው ንገሪው። እሱ ላይ ለመምህር የምመልሰው የለኝም።